እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ

ከአርት ፋኩልቲ ተማሪ

«ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ይላል ያገራችን ሰው። ይህን የተናገረው ስለ ወንዝ ነው። ሰው በክረምት ወንዝ ሲሻገር ውሃው መጀመሪያ ቁርጭምጭሚቱን፣ ቀጥሎም ጉልበቱን እየኰረኰረ ያስቀዋል፤ ሳቁን ሳይጨርስ ጠራርጎ ይዞት ይሄዳል። እኛ ግን ምሳሌውን የምናውቀው ስለ ተንኰለኛ ሰውና ስለ ጣፋጭ ቃል ሲነገር ነው፤ ውሃውን ከረሳነው ቈይተናል። በዚህ ዓመት ምሳሌው ምሳሌ መሆኑ ቀርቶ ቃል በቃል እውነት የሚሆንበት ስፍራ መኖሩን ተረዳሁ። ስፍራውም ከምድር በታች የሚገኝ፣ ውሃ የሞላበት ጥልቅ ዋሻ ነው። ወደዚያ የሚወርደውን ሰው ጥልቀቱ በእርግጥ ያስቀዋል፤ እያሳሳቀም ይወስደዋል።

የአርት ፋኩልቲ ተማሪ በናይትሮጂንና በግፊት ምን አገባው የምትሉ የሳይንስ ፋኩልቲ ወንድሞችና እኅቶች እንደምትኖሩ ዐውቃለሁ። መልሴ አጭር ነው፤ ወደ ነገሩ የገባሁት በራሴ በር ነው። ስለ ኢጣሊያዊው ባለቅኔ ስለ ፔትራርክ ስናጠና፣ ይህ ሰው በ14ኛው መቶ ዓመት ከአቪኞን ከተማ ሁካታ ሸሽቶ፣ ቮክሉዝ በምትባል በደቡብ ፈረንሳይ በምትገኝ ሸለቆ ውስጥ፣ ከአንድ ታላቅ ምንጭ አጠገብ ቤት ይዞ እንደ ተቀመጠ ተማርን። ስለ ምንጩ ጥቂት ልወቅ ብዬ መጻሕፍት ሳገላብጥ፣ ባለቅኔው ከዳር ቁጭ ብሎ ያደነቀውን ውሃ ሌሎች ሰዎች ወደ ውስጡ ገብተው ሊያልቁበት እንደ ደረሱ አነበብሁ። ከዚያ ወዲህ ፔትራርክን ለጊዜው ትቼ ጠላቂዎቹን ተከተልሁ።

የቮክሉዝ ምንጭ ከገደል ሥር ካለ ዋሻ ይወጣል። ጥልቀቱ ለብዙ ዘመን ሳይታወቅ ኖረ። በ1878 ዓ.ም. (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር እጽፋለሁ) ኦቶኔሊ የተባለ ጠላቂ የዚያን ዘመን ከባድ ልብስ ለብሶ 23 ሜትር ያህል ወረደ። በ1983 ጀርመናዊው ዮኸን ሃዘንማየር 205 ሜትር ደረሰ። በ1985 ደግሞ አንድ ሮቦት ተልኮ ወለሉን በ308 ሜትር ላይ አገኘው። እኔን ይበልጥ የያዘኝ ግን በእነዚህ መካከል በ1946 የሆነው ነው።

በዚያ ዓመት በኦገስት ወር የፈረንሳይ ባሕር ኃይል መኰንን የነበረው ዣክ ኩስቶና ጓደኛው ፍሬደሪክ ዱማ የታመቀ አየር የያዘ ሲሊንደር በጀርባቸው አዝለው ወደ ቮክሉዝ ምንጭ ገቡ። በገመድ ከላይ ካለ ሰው ጋር ተያይዘዋል። የገመዱን ጫፍ ይዞ አፋፍ ላይ የቆመው ሞሪስ ፋርግ የሚባል የሥራ ባልደረባቸው ነው። ይህን ያህል ስበት እንደሆነ ይህን አድርግ ተባብለው ምልክት አበጅተዋል። ሁለቱ ወደ 46 ሜትር ገደማ ሲደርሱ ግን ሐሳባቸው ተሰነካከለ። ላይ ሳሉ የተመካከሩበት ነገር ሁሉ ከራሳቸው ጠፋ፤ ዱማ ራሱን ወደ መሳት ደረሰ። ኩስቶ ጓደኛውን ለማትረፍ እየታገለ ገመዱን ቢጐትት፣ ፋርግ ተጨማሪ ገመድ የፈለጉ መስሎት ለቀቀላቸው። ቢሆንም ነገሩ ስላላማረው ቈይቶ በራሱ ውሳኔ ገመዱን ይስብ ጀመር፤ ሁለቱንም በሕይወት አወጣቸው።

በኋላ ሲመረመር ያሰከራቸው የጥልቀቱ ናይትሮጂን ብቻ አልነበረም። ሲሊንደሩን የሞላው ሞተር የራሱን ጭስ መልሶ ይስብ ስለ ነበረ አየራቸው በካርቦን ሞኖክሳይድ ተመርዞ ነበር። ታዲያ ለምን ታወራዋለህ ብትሉኝ በዚህ ምክንያት ነው። ውስጥ ያለው ሰው ምን እንዳሰከረው ለይቶ ሊያውቅ አይችልም፤ ለይቶ የሚያውቅበት መሣሪያ ያው የሰከረው አእምሮው ነውና። ያዳናቸው ዕውቀታቸው አይደለም፤ ጀግንነታቸውም ብቻ አይደለም። ያዳናቸው በገመዱ ማዶ ንጹሕ አየር እየተነፈሰ የቆመ ሰው መኖሩ ነው።

የዚያ ሰው መጨረሻም መነገር አለበት። በ1947 ሞሪስ ፋርግ ራሱ በቱሎን አጠገብ፣ በዋሻ ሳይሆን በግልጡ ባሕር፣ በአየር ብቻ ምን ያህል መጥለቅ እንደሚቻል ለመፈተን ወረደ። በገመዱ ላይ በየጥልቀቱ ሰሌዳ ተሰቅሎ ነበርና በየደረሰበት እየፈረመ ይወርድ ነበር። ምልክቱ ሲቋረጥ ጓደኞቹ ገመዱን ሳቡ፤ መተንፈሻው ከአፉ ወልቆ አገኙት። ነፍሱን ለመመለስ ለብዙ ሰዓት ቢደክሙም አልተቻለም። የመጨረሻ ፊርማው የተገኘው በ120 ሜትር ላይ ነው። ጓደኞቹን ከስካር ያወጣ ሰው በስካር ሞተ፤ ዕውቀት አንሶት አልነበረም።

አሁን ስካሩ ከምን እንደሚመጣ በአጭሩ ላስረዳ። የምንተነፍሰው አየር 78 በመቶ ያህሉ ናይትሮጂን፣ 21 በመቶ ያህሉ ኦክሲጅን ነው። ናይትሮጂን በምድር ላይ ምንም አያደርገንም፤ ገብቶ ይወጣል። ውሃ ውስጥ ግን በየ10 ሜትሩ የአንድ ሙሉ አየር ክብደት ያህል ግፊት ይጨመራል። ስለዚህ በ30 ሜትር ላይ ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው 4 እጥፍ፣ በ90 ሜትር ላይ 10 እጥፍ ነው። ጠላቂው የሚተነፍሰው አየርም በዚያው ልክ የታመቀ መሆን አለበት፤ አለዚያ ደረቱን ሊነፋ አይችልም። እንዲህ ሆኖ የገባው ናይትሮጂን በደም አልፎ በሰውነት ውስጥ በተለይም ስብ ባለበት ክፍል ይሟሟል፤ የነርቭም ሥራ ይደነዝዛል። በ1900 አካባቢ ሜየርና ኦቨርተን የተባሉ ሊቃውንት፣ በስብ ውስጥ ይበልጥ የሚሟሟ ነገር ይበልጥ እንደሚያደነዝዝ አስተውለው ነበር። የታመቀ አየር የተነፈሰ ሰው ሐሳቡ እንደሚፈካና አንዳንዱም እንደ ሰከረ እንደሚሆን ፈረንሳዊው ዡኖ በ1830ዎቹ ጽፏል። ጥፋቱ የናይትሮጂን ነው ብሎ ያመለከተው ግን አሜሪካዊው ሐኪም አልበርት ቤንኬ ከባልደረቦቹ ጋር በ1935 ነው።

ስካሩ በአብዛኛው ሰው ላይ መታወቅ የሚጀምረው ከ30 ሜትር ገደማ ጀምሮ ነው። አንዱን ያስቀዋል፤ ሌላውን ያኰራዋል፤ ሌላውን ያለ ምክንያት ያስፈራዋል። ተራ መደመርና መቀነስ ይከብዳል፤ ጣት አልታዘዝ ይላል፤ ሐሳብ በአንድ ነገር ላይ ተተክሎ ሌላውን ሁሉ ይረሳል። ከ90 ሜትር በታች በተራ አየር የወረደ ሰው የሌለ ነገር ሊያይ፣ ራሱንም ሊስት ይችላል። ጠላቂዎች እንደ ቀልድ «በየ15 ሜትሩ በባዶ ሆድ አንድ ብርጭቆ ብርቱ መጠጥ እንደ ጠጣህ ቍጠረው» ይላሉ፤ እኛ ብንሆን በብርሌ እንቈጥረው ነበር። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ጥቂት ሜትር ወደ ላይ መውጣት። ስካሩ በደቂቃዎች ውስጥ ይበርዳል፤ እንደ ጠጅ ማግሥት ራስ ምታት እንኳ አይተውም። አንድ ነገር ብቻ ይጠይቃል፤ ይኸውም ሰካራሙ «ሰክሬአለሁና ልውጣ» ብሎ መፍረድ እንዲችል ነው።

ስካሩ በባሕር ላይ አደገኛ ከሆነ በዋሻ ውስጥ የባሰ ነው። በባሕር ያለው ጠላቂ ከራሱ በላይ ብርሃን አለው፤ ወደ ላይ ካቀና ይወጣል። በዋሻ ያለው ግን ከራሱ በላይ ድንጋይ ነው። መውጫው ወደ ኋላ ነው፤ አንዳንድ ጊዜም ለመውጣት መጀመሪያ እንደገና መውረድ ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ የዋሻው ወለል በደለል የተሸፈነ ነው። በእግሩ መቅዘፊያ አንድ ጊዜ ሳይጠነቀቅ ቢመታው ውሃው ይደፈርሳል፤ ያኔ የእጅ ባትሪ በጭጋግ ውስጥ እንዳለ የመኪና መብራት ከመሆን አያልፍም። ሦስተኛ፣ ሰውየው አየሩን መቍጠር አለበት፤ ስንት ተነፈስሁ፣ ለመመለስ ስንት ይበቃኛል የሚለው ስሌት አንድ ሜትር ባለፈ ቍጥር ይለወጣል። ስካሩ ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ የሚነካው ይህንኑ ስሌት ነው። አራተኛ፣ በጥልቀት የታመቀ አየር ወፍራም ስለሚሆን ለመተንፈስ ይከብዳል፤ ሰው ሲደክም ወይም ሲደነግጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በሰውነቱ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ይህም ስካሩን ያብሰዋል፤ ስካሩም ድንጋጤውን ያብሰዋል። አንዱ ሌላውን እየጐተተ ይወርዳል።

እዚህ ላይ «ባሕር በር እንኳ የሌለን ሰዎች ለዚህ ምን አስጨነቀን?» የሚል አንባቢ ይኖራል። እኔንም በቤታችን ያስጨነቀኝ ነገር ባይኖር ይህን ያህል አልጽፍም ነበር። የአክስቴ ልጅ በአሜሪካ አገር ፍሎሪዳ ይኖራል። በዕድሜ ይበልጠኛል፤ መሐንዲስ ነው፤ ከልጅነታችን ጀምሮ አንድ ላይ ስላደግን ወንድሜ ነው። የፍሎሪዳ መሬት የኖራ ድንጋይ ነው፤ ውስጡ በውሃ ተቦርቡሮ በዋሻና በምንጭ የተሞላ ነው። ከዓለም የዋሻ ጠላቂዎች ብዙዎቹ የሚሠለጥኑትም በዚያ ነው። ወንድሜ በባሕር መጥለቅን ተምሮ ነበር፤ በዚህ ዓመት ደግሞ ወደ ዋሻው ልገባ ነው ብሎ በስልክ ነገረኝ። ለእናቱ ግን እንዳልነግር አስጠነቀቀኝ።

ስለ ቮክሉዝ ያነበብሁትን ሁሉ አወራሁለት። በዚያ በፍሎሪዳ በብዙ ዋሻ አፍ ላይ ሞት በአጥንት አምሳል የተሳለበት ሰሌዳ ቆሟል፤ እንዲህ ባሉ ዋሻዎች ከ300 በላይ ጠላቂዎች እንደ ሞቱ፣ ከነርሱም መካከል የባሕር ጠለቃ አስተማሪዎች እንደሚገኙ ይናገራል፤ ከዚህ አትለፍ ይላል። እርሱም ሰሌዳውን አይቶታል። የመለሰልኝ መልስ ይህ ነው፦ «እኔ እኮ መሐንዲስ ነኝ። ግፊቱን ዐውቃለሁ፤ ጋዙን ዐውቃለሁ፤ ስካሩ ሲጀምረኝ ዐውቀዋለሁ፤ ሳውቀው እመለሳለሁ።» በጣም ያስፈራኝ ይህ መልሱ ነው። ሰነፍ ሰው ቢናገረው ባላስፈራኝም ነበር፤ ነገር ግን የተማረ ሰው ንግግር ነው። እኛም በየክፍላችን የምንናገረው ነው። አደጋን በስሙ የምናውቅ፣ ምክንያቱን በሰሌዳ ላይ የምናሰላ ሰዎች አደጋው የሚዘልለን ይመስለናል።

«ሲጀምረኝ ዐውቀዋለሁ» ያለው ማን ነው? ላይ፣ በደረቅ መሬት ላይ ቆሞ በስልክ የሚያናግረኝ ወንድሜ ነው። ታች የሚወርደው ግን እርሱ አይደለም፤ የእርሱን ስም የያዘ፣ የእርሱን ልብስ የለበሰ፣ አእምሮው ግን እኩሌታ የሆነ ሌላ ሰው ነው። የመመለሱን ነገር የሚፈርደው ያ ሁለተኛው ነው። ሠርግ ቤት ስንት ጊዜ አይተናል! «አልሰከርሁም» የሚለው ቃል ከሰከረ ሰው አፍ በቀር ከማን አፍ ይሰማል? ያልሰከረውማ ምን አናገረው። ክሱን የሚሰማው ዳኛ ራሱ ጠጥቶ ከተቀመጠ፣ ተከሳሹ ሁልጊዜ ነጻ ነው።

የበለጠ የሚያሳዝነው ልምድም በዚህ ነገር ላይ የታመነ ጓደኛ አለመሆኑ ነው። በጠላቂዎች ላይ በተደረገ ምርመራ እንደ ታየው፣ ሰው ደጋግሞ ወደ ጥልቀት ሲወርድ የስካሩ ስሜት እየቀለለው ይሄዳል፤ የሥራው ስሕተትና የሐሳቡ መዘግየት ግን በዚያው ልክ አይቀልም። ማለት አዲሱ ሰው ሰክሮ መስከሩ ይታወቀዋል፤ ልማደኛው ሰክሮ ደኅና ነኝ ይላል። ስለዚህ አደጋው ሰውየው ባወቀ ቍጥር መልኩን ይለውጣል እንጂ አይጠፋም።

ይህን የሚያስረዳ የአንድ ሰው ታሪክ አለ። ሼክ ኤክስሊ በፍሎሪዳ የሂሳብ አስተማሪ ነበር፤ በዋሻ ጠለቃም በዘመኑ ወደር አልነበረውም። በ1979 ባሳተመው ትንሽ መጽሐፍ፣ በዋሻ ውስጥ የሞቱትን ሰዎች አሟሟት አንድ በአንድ እየመረመረ የሞታቸውን ምክንያት ለየ። ያገኘው ነገር የሚያስገርመው በቀላልነቱ ነው። የሞቱት በአብዛኛው ከመውጫው ጀምሮ ሳይቋረጥ የሚዘረጋ መሪ ገመድ ያልነበራቸው፣ ወይም ከአየራቸው ሁለት ሦስተኛውን ለመመለሻ ያላስቀሩ፣ ወይም ከልክ በላይ የጠለቁ ነበሩ። በኋላ ለዚሁ ሥራ የተለየ ሥልጠና ማግኘትና ቢያንስ ሦስት መብራት መያዝ ተጨመረበት። ዛሬ የዋሻ ጠላቂዎች ሁሉ መጀመሪያ የሚማሯቸው እነዚህ አምስት ናቸው።

ሕጉን የጻፈው ኤክስሊ ራሱ በኤፕሪል 6 ቀን 1994 በሜክሲኮ ዛካቶን በተባለ ውሃ የሞላበት ጥልቅ ጕድጓድ ውስጥ ሞተ፤ የደረሰበትም ጥልቀት ከ260 ሜትር በላይ ነበር። የሞቱ ምክንያት በእርግጠኝነት አልተወሰነም። በዚያ ጥልቀት የሚወርድ ሰው ተራ አየር አይተነፍስም፤ ናይትሮጂኑን አሳንሶ ሂሊየም የተባለውን ቀላል ጋዝ ይቀላቅልበታል። ሂሊየም በስብ ውስጥ የመሟሟት ኃይሉ እጅግ ያነሰ ስለ ሆነ እንደ ናይትሮጂን አያሰክርም። በ1939 «ስኳለስ» የተባለች የአሜሪካ ሰርጓጅ መርከብ 74 ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ በሰጠመች ጊዜ፣ ተራ አየር እየተነፈሱ የወረዱት ጠላቂዎች አእምሯቸው እየታወከ ተቸግረው ነበር፤ መርከቧን በማውጣቱ ሥራ ሂሊየምና ኦክሲጅን ቀላቅለው ተነፈሱና ሐሳባቸው ጠራላቸው። ይህ ታላቅ ነገር ነው። ነገር ግን መድኃኒቱ ሰውን ወደ ባሰ ጥልቀት ይዞት ወረደ። ከ150 ሜትር በታች ሂሊየም የሚተነፍስ ሰው ፈጥኖ ሲወርድ እጁ መንቀጥቀጥ፣ ነርቩ መታወክ ይጀምራል። አንዱን በር ሲዘጉት ሌላው ተከፈተ።

ከአፍሪካችንም አንድ ምሳሌ ላምጣ። በደቡብ አፍሪካ በሰሜናዊው ኬፕ ቡስማንስጋት የሚባል ውሃ የሞላበት ዋሻ አለ። በ1994 አንድ የ20 ዓመት ወጣት እዚያ ጠልቆ ቀረ። ከ10 ዓመት በኋላ አውስትራሊያዊው የአውሮፕላን አብራሪ ዴቪድ ሾው 270 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ የወጣቱን አስከሬን አገኘና፣ ለወላጆቹ አወጣላቸዋለሁ ብሎ ቃል ገባ። በጃንዋሪ 8 ቀን 2005 ለዚሁ ሥራ ወረደ። በራሱ ላይ የታሰረው ካሜራ የሆነውን ሁሉ ቀርጾታል። አስከሬኑ እንደታሰበው ሳይሆን መንሳፈፍ ጀመረ፤ የታሰበው ሥራ አልሠራ አለ፤ ገመድም ተጠላለፈበት፤ ትንፋሹ እየፈጠነ ሄደ። በኋላ ቀረጻውን የመረመሩ ሐኪሞች እንዳስረዱት፣ በዚያ ጥልቀት የከበደውን ጋዝ በበቂ ሊተነፍስ ባለመቻሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተጠራቅሞበት ነበር። እዚያው ሞተ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ጓደኞቹ ገመዱን ሲስቡ የሁለቱም አስከሬን አብሮ ወጣ፤ ሾው ለወላጆቹ የገባው ቃል በሞቱ ተፈጸመ። ይህ ሰው ትዕቢተኛ አልነበረም፤ የሄደውም ለበጎ ሥራ ነው። ጥልቀቱ ግን ለምን መጣህ ብሎ አይጠይቅም።

አሁን የአርት ፋኩልቲ ተማሪ እንደ መሆኔ በድፍረት የምናገረው አንድ ነገር አለኝ፤ እርሱም ስለ ስሙ ነው። ኩስቶ ይህን ነገር በፈረንሳይኛ «የታላቁ ጥልቀት ስካር» ብሎ ጠራው። ወደ እንግሊዝኛ ሲመለስ ግን ስካር መባሉ ቀርቶ፣ ነፍስ ከሥጋ ተለይታ በደስታ ስትነጠቅ የሚነገርበት ቃል ተሰጠው፤ በእኛ ቋንቋ ተመስጦ እንደምንለው ያለ ነው። ስሙ እጅግ ያማረ ስለ ሆነ በየጋዜጣውና በየመጽሐፉ ተዛመተ። እኛ ሥነ ጽሑፍ የምናጠና ሰዎች ያማረ ቃል እንወዳለን፤ እኔም ቃሉን መጀመሪያ ሳገኘው ወድጄው ነበር። ነገር ግን ስም የሚያማልልበት ጊዜ አለ። ተመስጦ ያልነውን ሰው ይመኘዋል፤ ስካር ያልነውን ይጠነቀቀዋል። መናኝ በተመስጦ ቢቀመጥ ወደ ራሱ ይመለሳል፤ በዋሻ ውስጥ የተመሰጠ ሰው ግን የሲሊንደሩን መለኪያ ማየት ይረሳል። ስለዚህ በአማርኛ ስንጽፈው ስካር ብለን ብንጽፈው ይሻላል እላለሁ። ቋንቋችን በዚህ ቃል ላይ አያሽሞነሙንም፤ ስካር የሚያዋርድ ነገር መሆኑን ሁሉም ያውቃል።

ወደ ወንድሜ ልመለስ። ተው አላልሁትም። ሰው የሚወደውን ነገር ተው ሲባል ምን እንደሚያደርግ በዶርም ውስጥ የኖረ ሁሉ ያውቀዋል። ደግሞም ዋሻው ምን ያህል ውብ እንደ ሆነ ሲነግረኝ ሰምቻለሁ፤ ውሃው ከመስተዋት የጠራ ስለ ሆነ በአየር ላይ የሚበር ይመስላል ይላል። እኔ የጠየቅሁት ሌላ ነው። «የምትመለስበትን ጥልቀትና የምትመለስበትን የአየር መጠን ውሃው ዳር ሆነህ በወረቀት ጻፍና ለጓደኛህ ስጠው። ታች ሆነህ ጥቂት ብቻ ልጨምር ብትል፣ ያን የሚለው ወንድሜ ስላልሆነ እንዳይሰማህ ንገረው» አልሁት። ሳቀብኝ። ቈይቶ ግን ደወለና፣ አሠልጣኙ በመጀመሪያው ቀን ያስተማረው ቃል ከዚሁ ጋር አንድ መሆኑን ነገረኝ፦ ከጓደኛሞቹ ማንም ሰው፣ በማናቸውም ጊዜ፣ ምክንያት ሳይጠየቅ ጠለቃውን ማቆም ይችላል። አንዱ «ይብቃ» ካለ ሁሉም ይመለሳሉ፤ ክርክሩ በደረቅ መሬት ላይ ነው።

ይህ ሕግ ልቤን አሳረፈው፤ ፈጽሞ ግን አላሳረፈውም። የመሪው ገመድ፣ የሦስተኛው እጅ አየር፣ የጥልቀቱ ወሰን፣ ሥልጠናው፣ ሦስቱ መብራት አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አለ። ሁሉም የተወሰኑት አእምሮው በጠራ ሰው፣ በፀሐይ ብርሃን፣ አስቀድሞ ነው። ከታች ሆኖ የሚወሰን ምንም የለባቸውም። «ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለው ለዚህ ነው። ሕግ ማለት ጤነኛው ሰው ለሰካራሙ ለራሱ አስቀድሞ የሚጽፈው ደብዳቤ ነው። ሰካራሙ ደብዳቤውን ሲያነበው ይስቅበታል፤ ጠባብ ሰው የጻፈው ይመስለዋል፤ «ያኔ ይህን ውበት ስላላየሁ ነው እንጂ» ይላል። ከሣቀም በኋላ ቢሆን ከታዘዘው ይወጣል።

እኛ ተማሪዎች ሕግ አንወድም፤ እኔም አልወድም። የሽማግሌ ፍርሃት፣ የሰነፍ ምክንያት አድርገን እናየዋለን፤ ብዙ ጊዜም ልክ ነን። ነገር ግን ሕጎች ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። ሌላ ሰው ሊገዛን የጻፈውን ሕግ መመርመርና መቃወም የተገባ ነው። ራሳችን ለራሳችን በጠራ ሐሳብ የጻፍነውን ግን በስካራችን ሰዓት መቃወም ነጻነት አይደለም። ሰውን የሚያሰክረው ደግሞ ናይትሮጂን ብቻ አይደለም፤ ጭብጨባም ያሰክራል፤ ንዴትም፣ ማዕረግም ያሰክራል። ሁሉም የሚጀምሩት ደስ በማሰኘት ነው፤ ሁሉም አልሰከርህም ይላሉ።

ስለዚህ፣ ጓደኞቼ፣ ከእናንተ መካከል ነገ በትምህርትም በሥራም ወደ ውጭ አገር የምትሄዱና ውሃው የሚጠራችሁ ብትኖሩ፣ አትግቡ አልላችሁም። ያልሠለጠናችሁበት ዋሻ አፍ ላይ ግን ቁሙ፤ ገመድ ሳትዘረጉ አትለፉ፤ የምትመለሱበትን ስፍራ ከመውረዳችሁ በፊት ወስኑ፤ ከሁሉም ይልቅ ልክ እንደ ፋርግ ነገሩ አላማረኝም ሲል የሚስባችሁ ሰው በገመዱ ማዶ አቁሙ። ያን ሰው በሚገባ ምረጡት። ጐበዝ ብላችሁ የምትጠሩት ሳይሆን፣ ስትስቁበት የማያፍረው ይሁን።